ጧሪ ያጣችው ጀልባ፦ የሲጂ 36500 ጡረታና ሁለተኛ ሕይወት

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኬፕ ኮድ በተባለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ሳውዝ ዌልፍሊት ውስጥ ከአንድ የጥገና ጋራዥ ጀርባ የተቀመጠች አንዲት የእንጨት ጀልባ 13 ዓመት ያህል ፀሐይና ዝናብ፣ በረዶና ነፋስ ተፈራረቁባት። ርዝመቷ 11 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 3 ሜትር ነው። መለያዋ ሲጂ 36500 ሲሆን፣ «ሲጂ» የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል (ኮስት ጋርድ) ምሕጻር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች በጫማ የተለካውን ርዝመቷን፣ የቀሩት ደግሞ ተራ ቁጥሯን ያመለክታሉ። ሙሉ ስም እንኳ ያልወጣላት ይህች ጀልባ ከጋራዡ ጀርባ ከመጣሏ 16 ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ ሌሊት 32 ሰዎችን ከሞት አፍ አውጥታለች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጡረታ» የሚለው ቃላችን «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ ጡረታ ወጣ የምንለው ሰው ሥራውን ያቆመ ብቻ ሳይሆን የሚጦረው ሊኖር የሚገባ ጭምር ነው። ይህን ጉዳይ ለጥናት እንድመርጥ ያደረገኝ በዚህች ጀልባ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው መታየታቸው ነው፤ ጡረታው በ1968 ሲመጣ ጧሪው የመጣው በ1981 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ማንም ጠላት አልነበራትም፤ እንዲያውም ለክብር ታስባ ነበር። ለክብር የታሰበች ጀልባ እንዴት ለመበስበስ እንደተቃረበች፣ ከዚያስ ማን እንዴት እንዳነሣት መመርመር የነፍስ አድን ሠራተኞችን፣ ሰውም ሆነ ዕቃ፣ ከሥራ በኋላ እንዴት እንደምንይዛቸው ብዙ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

የፔንድልተን ሌሊት

ጀልባዋ ምን እንደነበረች ለመረዳት ከፌብሩወሪ 18 ቀን 1952 መነሣት ያስፈልጋል። በዚያ ቀን ማለዳ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የተነሣ የበረዶ ወጀብ የኒው ኢንግላንድን ጠረፍ ሲመታ፣ ከሉዊዚያና ባተን ሩዥ ተነሥቶ ኬሮሲንና የማሞቂያ ዘይት ጭኖ ወደ ቦስተን ይጓዝ የነበረው ፔንድልተን የተባለ 503 ጫማ የሚረዝም ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከመሃሉ ለሁለት ተሰበረ። የሬዲዮ ክፍሉ በፊተኛው ግማሽ ስለነበርና ኃይል የሚያመነጨው ሞተር ከኋለኛው ግማሽ ጋር ስለተለየ፣ የድረሱልን ጥሪ ለማሰማት እንኳ ጊዜ አልተገኘም። በፊተኛው ክፍል የነበሩት የመርከቡ አዛዥና ሰባት ባልደረቦቻቸው ሁሉም አለቁ። በኋለኛው ክፍል 33 ሰዎች በዋና መሐንዲሱ እየተመሩ ቀሩ። በዚያው ቀን በዚያው አካባቢ ፎርት መርሰር የተባለ ተመሳሳይ መርከብ በተመሳሳይ ሁኔታ ለሁለት ተሰብሮ ጥሪ አሰምቶ ስለነበር፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኃይል አስቀድሞ ወደዚያ ተሰማርቶ ነበር፤ ፔንድልተን መኖሩ የታወቀው ኃይሉ በኬፕ ኮድ ቻታም ከተማ ባለው ጣቢያ ራዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ሲታይ ነው።

ከቻታም በሲጂ 36500 እንዲወጣ የታዘዘው የጣቢያው ባልደረባ በርናርድ ዌበር ሲሆን ገና 23 ዓመቱ ነበር። አብረውት የሄዱት ሦስቱ አንድሩ ፊትዝጀራልድ፣ ሪቻርድ ሊቭሲና ኧርቪን ማስክ ናቸው። ማስክ የዚያ ጣቢያ ሠራተኛ እንኳ አልነበረም፤ ወደሚሠራበት የመብራት መርከብ (በባሕር ላይ መልሕቅ ጥሎ እንደ መብራት ማማ የሚያገለግል መርከብ) የሚወስደውን ጉዞ ሲጠባበቅ በጣቢያው ያረፈ እንግዳ ነበር፤ ሰው ሲፈለግ በፈቃዱ ተነሣ። የዌበር ባለቤት ሚርያም በዚያ ምሽት ኢንፍሉዌንዛ ይዟት አልጋ ላይ ነበረች። የቻታምን ወደብ ከውቅያኖስ የሚለየው የአሸዋ ደለል ባሕሩ ዝቅ ያለበት፣ ማዕበሉ ከፍ ብሎ የሚሰበርበት ስፍራ በመሆኑ በደኅናው ቀን እንኳ የሚፈራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1950፣ ዊልያም ጄ. ላንድሪ የተባለች የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በችግር ላይ ሳለች ዌበርና ጓደኞቹ ሊደርሱላት ሞክረው ባሕሩ መልሷቸው፣ ጀልባይቱ ከነሰዎቿ ሰጥማ ነበር። በ1952 ወደዚያው ደለል ሲወጣ ይህ ትዝታ ከእሱ ጋር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አራቱ ወደ ደለሉ ሲቃረቡ በጨለማው ውስጥ መዝሙር ዘመሩ። ማዕበሉ ጀልባይቱን ወደ ላይ አንሥቶ በጎኗ ጣላት፣ የፊት መስተዋቷን ሰባበረ፣ ኮምፓሷንም ነቅሎ ወሰደ። ቤንዚን የሚጠጣው ሞተሯ ጀልባይቱ ክፉኛ ባዘነበለች ቁጥር ይጠፋ ስለነበር፣ ፊትዝጀራልድ በጠባቡ የሞተር ክፍል ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ገብቶ፣ ከጋለው ብረት ጋር እየተላተመ ደጋግሞ ማስነሣት ነበረበት። እዚህ ላይ ስለ ጀልባዋ አሠራር ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ ሰዎቹን ያተረፈው ድፍረታቸው ብቻ አይደለምና። በሜሪላንድ ግዛት ከርቲስ ቤይ በሚገኘው የጠረፍ ጠባቂው መሥሪያ በ1946 ስትሠራ፣ 900 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የነሐስ አከርካሪ ከሥሯ ተገጥሞላታል፤ ይህ ክብደት፣ ከፊትና ከኋላ ከታሸጉት የአየር ክፍሎቿ ጋር ተባብሮ፣ ብትገለበጥ እንኳ ራሷን መልሳ እንድትቀና ያደርጋታል። ወለሏ ላይ የሚገባው ውኃም ወደ ውጭ ብቻ በሚከፈቱ መዝጊያዎች በኩል ራሱ ይፈስሳል። ማለትም ባሕሩ እንደሚያሸንፋት አስቀድመው ያሰቡ፣ ከተሸነፈች በኋላ እንድትነሣ አድርገው የሠሯት ጀልባ ነበረች።

በፍለጋ መብራታቸው የፔንድልተንን ኋለኛ ክፍል ባገኙት ጊዜ፣ ሰዎቹ ከላይ የገመድ መሰላል ጥለው አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። ዌበር ጀልባዋን ከመርከቡ ግድግዳ እያስጠጋና እያራቀ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ተመላልሶ ይቀርብ ነበር፤ ከማዕበሉ ጋር የሚነሣውና የሚወድቀው መሰላል አንዳንዱን ከባሕሩ ውስጥ ነክሮ ያወጣው ነበር። ጀልባይቱ ለ12 ሰው ገደማ የተሠራች ናት። 20 ሰው ያህል ከገባ በኋላ ከብዷት እንደልብ አልታዘዝ ስትል ዌበር ከላይ የቀሩትን ጥሎ ላለመሄድ ወሰነ፤ ወይ ሁሉም ይድናል፣ ወይ ሁሉም ያልቃል የሚል ውሳኔ ነበር። መጨረሻ ላይ ከወረዱት አንዱ የሆነው ጆርጅ ማየርስ፣ ግዙፍ ሰውነት የነበረውና ለሌሎቹ ሲረዳ የቆየው ሰው፣ ከመሰላሉ ወድቆ በጀልባይቱና በመርከቡ መካከል ተጨፍልቆ ሞተ። የቀሩት 32ቱ ገቡ። ከአራቱ ሠራተኞች ጋር 36 ሰው የያዘችው ጀልባ ያለ ኮምፓስ፣ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ፣ የትም ቢሆን ከየብስ ልትደርስ ጉዞ ጀመረች፤ እንደ ዕድል ሆኖ ወደ ቻታም ወደብ መግቢያ የሚያመላክተው ተንሳፋፊ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል ታያቸውና ገቡ። በሁለቱ መርከቦች ላይ ከነበሩት 84 ሰዎች በዚያ አደጋ 70ዎቹ ሲተርፉ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት የተረፉት በዚህች ጀልባ ነው።

አራቱም የወርቅ የነፍስ አድን ሜዳይ ተሸለሙ። በመጀመሪያ ወርቁ ለዌበር ብቻ፣ ለሦስቱ ግን ዝቅ ያለው ታስቦ ነበር፤ ዌበር ለእነሱም እኩል ካልተሰጠ አልቀበልም በማለቱ ነው የአራቱም የተስተካከለው። ስለ ዌበር ጠባይ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አላውቅም።

ሁለት ጡረታዎች

የሰውዬውና የጀልባዋ ዕድሜ አገልግሎት እጅግ ይመሳሰላል። ጀልባዋ በተሠራችበት ዓመት፣ በ1946፣ ዌበር የጠረፍ ጠባቂውን ኃይል ተቀላቀለ። በ1965 ወደ ቬትናም ተልኮ አገልግሏል፤ በ1966 ከ20 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ሲወጣ 38 ዓመቱ ነበር። ጀልባዋ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለችው፤ ባለ 44 ጫማዎቹ የብረት ጀልባዎች መተካት ጀምረው ስለነበር የእንጨቶቹ ዘመን አልፎ ነበር።

ሰውየው ግን ከባሕር አልራቀም። በዌልፍሊት የወደብ ኃላፊ ሆነ፤ በሜይን ግዛት ሆግ ደሴት ላይ በሚገኘው የኦዱቦን ማኅበር የተፈጥሮ ትምህርት ጣቢያ የጀልባ ኃላፊ ሆኖ አገለገለ፤ ኋላም በፍሎሪዳ በባሕር ላይ ሥራዎች ተሰማራ። በ38 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ገና የሕይወቱን እኩሌታ አልጨረሰምና ሥራ መፈለጉ የሚጠበቅ ነው፤ እኔን የሚያስገርመኝ የፈለገው ሥራ ሁሉ ጀልባ ያለበት መሆኑ ነው። በትዳሩ በኩል ፍለጋው ቀደም ብሎ አብቅቷል። ከሚርያም ጋር መጀመሪያ የተዋወቁት በስልክ ነበር፤ በ1950 ተጋቡ፤ ትዳራቸውም ከ50 ዓመት በላይ ዘለቀ። ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር አብራው የምትዘዋወር፣ ያንን ሌሊት የምታውቅ ሰው ነበረችው። ማየርስን ማጣቱ ዕድሜ ልኩን ያሳዘነው ሰው ይህን የሚካፈለው ሰው በቤቱ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጀልባዋ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልነበራትም። በ1968 ለኬፕ ኮድ ብሔራዊ ጠረፍ ፓርክ ስትሰጥ፣ ወደፊት በሚሠራ የነፍስ አድን ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ እንድትታይ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ሙዚየሙ አልተሠራም፤ ጀልባዋም «እስኪሠራ ድረስ» የተባለችበት ቦታ ቀረች። በአገራችንም ቢሆን በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር፣ «ለቅርስ» የተባሉ ሞተሮችና ተሽከርካሪዎች ሣር በቅሎባቸው የምናየው በዚሁ መንገድ ነው፤ የክፋት ሥራ ሳይሆን ቀን ያልተቆረጠለት መልካም ሐሳብ ነው።

የእንጨት ጀልባ በየብስ ላይ ስትቀመጥ የሚደርስባትን ማወቅ የነገሩን ክብደት ያሳያል። በባሕር ላይ ሳለች ሳንቃዎቿ ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ በማበጣቸውም እርስ በርስ ተጣብቀው መጋጠሚያውን ያጠብቁታል። በየብስ ላይ ግን ይደርቃሉ፣ ይኮማተራሉ፣ መጋጠሚያውም ይላቀቃል፤ በመካከሉ የተጠቀጠቀው የጥጥ ክርና ማሸጊያ እየላላ ይወጣል። የዝናብ ውኃ ደግሞ ከባሕር ውኃ የከፋ ጠላት ነው፤ ጨው እንጨትን የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ሲያዳክም፣ የዝናብ ውኃ ግን በወለሉ ማዕዘን ረግቶ ሻጋታውን ይመግበዋል። ለባሕር የተሠራች ጀልባን የሚያጠፋት ባሕር ሳይሆን ከባሕር መራቅ ነው ማለት እንግዲህ የግጥም አነጋገር ሳይሆን የአናጺ እውቀት ነው።

ደቦው

በ1981 መጨረሻ ገደማ ጀልባዋ በዚያው በኬፕ ኮድ ወደምትገኘው የኦርሊንስ ከተማ የታሪክ ማኅበር ተዛወረች። ሥራውን ከመሩት ዋነኛው ስለ ኬፕ ኮድ የመርከብ አደጋዎች ብዙ የጻፈውና ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ዊልያም ኲዊን ነበር። ከኦርሊንስ፣ ከቻታምና ከሌሎች አጎራባች ከተሞች የመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ በነጻ ጉልበታቸውና ሰው በለገሰው ዕቃ፣ በወራት ውስጥ ጠግነው በ1982 ወደ ውኃ መለሷት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ወሳኝ ነው ብዬ የማምነው ውሳኔ እዚህ ላይ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ጀልባዋን ቀለም ቀብተው፣ ጣሪያ ሠርተውላት፣ ማብራሪያ ጽሑፍ ለጥፈው ሊያስቀምጧት ይችሉ ነበር፤ ወጪውም ድካሙም እጅግ ባነሰ። ለእይታ ብቻ የምትቀመጥ ጀልባ የበሰበሰ ሳንቃዋ በቀለም ሊሸፈን ይችላል፤ በባሕር ላይ ልትሄድ የታሰበች ጀልባ ግን አንድም የተሸፈነ ውሸት አትችልም፤ ውኃው ራሱ ያጋልጠዋልና። ስለዚህ እንድትንሳፈፍ መወሰን ማለት እያንዳንዱን መጋጠሚያ መፈተሽ፣ የላላውን መክፈትና እንደገና መጠቅጠቅ፣ ሞተሯን መልሶ ማስነሣት ማለት ነበር። በዚህ ዓይነት ሥራ አንድ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ መፋቂያ ይዞ፣ ለረጅም ሰዓት አንድ ክንድ የማይሞላ ስፍራ ላይ ይሠራል፤ አሮጌው ቀለም በንብርብር እየተላጠ ከሥሩ እንጨቱ ሲወጣ፣ በጣቱ ተጭኖ ጠንካራ ነው ወይስ ይሰረጉዳል ብሎ ይሞክረዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ተቋም 13 ዓመት ያልቻለውን በርካታ እጆች በአንድ ብርድና በአንድ ጸደይ ጨረሱት። ለዚህች ጀልባ ፍቅር ምን ዓይነት መልክ ነበረው ብባል መልሴ ይህ የመፋቂያ ሥራ ነው።

ዌበርና ሚርያም ጀልባዋ ወደ ውኃ ስትመለስ ተገኝተዋል። ከዚያ ሌሊት 30 ዓመት በኋላ ወደ ውኃ ስትመለስ ያያት ሰው ምን እንደተሰማው በእሱ ቦታ ሆኜ ልናገር አልደፍርም። ነገር ግን በኋላ ያደረገው ይታወቃል። የጠረፍ ጠባቂው ኃይል በ2002 የ50ኛውን ዓመት መታሰቢያ ሊያከብር ሲጠራው፣ እንደ ሜዳዩ ጊዜ ሁሉ፣ ሦስቱም ጓደኞቹ ካልተጠሩ እንደማይመጣ አስታወቀ። በ1952 እኩል ክብር የጠየቀው ወጣት በ2002 ሽማግሌ ሆኖ ያንኑ ጠየቀ። አራቱም ተሰብስበው ቻታም መጡ፤ በራሷ ሞተር በምትሄደው በሲጂ 36500 ላይም አብረው ተሳፍረው ወጡ። ጀልባዋ በሙዚየም መስተዋት ጀርባ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ቆመው ያዩዋት ነበር እንጂ አይሳፈሩባትም ነበር፤ በ1981 የተወሰነው ውሳኔ ዋጋ ለእኔ በዚያች ቀን ተከፍሏል።

ከዚያ ወዲህ

ከአራቱ አስቀድሞ ማስክ በ2003 አረፈ፤ ሊቭሲ በ2007 ተከተለው፤ ዌበር በጃንዋሪ 24 ቀን 2009 በ80 ዓመቱ ዐረፈ። በ2012 በማያሚ ሥራ የጀመረው የአዲሱ ትውልድ ፈጣን የጥበቃ መርከቦች የመጀመሪያው በስሙ ተጠርቷል፤ ከመኮንኖች ስም ይልቅ በተራ ማዕረግ ያገለገሉ ጀግኖች ስም ለዚህ ዓይነት መርከቦች እንዲሰጥ መደረጉንም እደግፈዋለሁ። ፊትዝጀራልድ፣ በዚያች ጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥ ሞተሩን ደጋግሞ ያስነሣው ሰው፣ በ2018 አረፈና ከአራቱ የቀረ የለም።

ጀልባዋ ግን አለች። በ2005 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባች፤ በበጋው ወራት በኦርሊንስ ሮክ ሃርበር ትታያለች፤ የዚያን ሌሊት ታሪክ የሚተርክ ፊልም በ2016 ከወጣ ወዲህም የሚፈልጋት ሰው ጨምሯል። ይህ ሁሉ ክብር ከ1968ቱ ጋር የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ አሁን ክብሩን የሚሸከሙት ስማቸው የታወቀ፣ ቀን የተቆረጠላቸው፣ በየዓመቱ ተመልሰው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የእንጨት ጀልባ ጥገና አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለምና ገንዘብም ጉልበትም ያለማቋረጥ ይፈልጋል፤ የዚያ አካባቢ ማኅበረሰብ ከ40 ዓመት በላይ ይህን ሲያደርግ መቆየቱ፣ የ1952ቱ ጀግንነት አንድ ሌሊት መሆኑን ስናስብ፣ በራሱ መንገድ የሚያስደንቅ ነው። የዚህ ዓይነት ሰዎች ሜዳይ ሲሰጣቸው አላየሁም።

የእንጨት ጀልባ በብርዱ ወራት ከውኃ ትወጣለች። ጸደይ ሲመጣ ሥሯ ይፋቃል፣ ቀለም ትቀባለች፣ ተመልሳም ትወርዳለች። መጀመሪያ በደረቁ ሳንቃዎች መጋጠሚያ በኩል ውኃ ቀስ እያለ ይገባል፤ በዚያ ሰዓት የሚጠብቃት ሰው ፓምፑን አስነሥቶ፣ አንዳንዴም ከሌሊት እንቅልፉ ተነሥቶ፣ የገባውን እያወጣ፣ ወለሉን በእጁ እየዳበሰ ይቆያል። እንጨቱ ጠጥቶ ማበጥ ሲጀምር የሚገባው ውኃ ያንሳል፣ ከዚያም ይቆማል።